የልጄን ጉርሻ የበላሁ ዕለት

ባለቤቴ መቅደስ ባለፈው መስከረም ሞተች።

ይህን ያስቀደምኩት አጽናኑኝ ብዬ አይደለም። የማወራችሁ ስለ አንድ ምሳ ነው፤ እሷ ብትኖር ኖሮ ግን የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር። ሁሉን ነገር እሷ ሳናውቀው ትጨርሰው ነበር።

ስለ ፍርሃት እናውራ። ሰው የሚፈራውን አይመርጥም። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የማውቃቸው ሰዎች የሚፈሩት የታወቀ ነው፤ አንዱ ከሥራ መቀነስን ይፈራል፣ አንዱ በረዶ ላይ መንዳትን ይፈራል፣ አንዷ ደግሞ ልጇ አማርኛውን ረስቶ ከአገር ቤት የመጡትን አያቱን "ሃይ" እንዳይላቸው ትፈራለች። ሁሉም ለሰው ሊነገር የሚችል ፍርሃት ነው። እኔ የምፈራው ሽሮ ነው።

ሳቁ፤ ግድ የለም። መቅደስም መጀመሪያ ስቃለች። ልጃችን ሊያ ገና ዓመት ሳይሞላት በጣት ጫፍ ያቀመስናት ሽሮ ከንፈሯን አሳብጦ፣ ትንፋሿን አሳጥሮ በአምቡላንስ ካስወሰዳት በኋላ ሐኪሙ የማትበላውን ይዘረዝርልን ጀመር። ሽምብራ አለ። ምስር አለ። አተር አለ። ባቄላ አለ። መሃል ላይ መቅደስን ሳቋ አመለጣትና "ዶክተር፣ ይኼማ ሐበሻነቷን መከልከል ነው" አለችው። ሐኪሙ አልገባውም። እኛም በደንብ የገባን ኋላ ነው።

እስቲ አስቡት። ሰው ወተት አይስማማኝም ቢል ይታመናል። ለውዝ አይስማማኝም ቢል አውሮፕላን ላይ ሳይቀር ይታወጅለታል። ሽሮ ይገድለኛል የሚል ሐበሻ ግን ማን ያምነዋል? ሽሮ እኮ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚበላ ነው። ስለዚህ ያልመከረን የለም። አንዱ አሜሪካ ያመጣው በሽታ ነው፣ አገር ቤት ብትወስዷት ይተዋታል አለ። ሌላዋ በትንሽ በትንሹ አስለምዷት አለች። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት እናት "በእኛ ጊዜ አለርጂ የሚባል ነገር አልነበረም" ሲሏት መቅደስ፣ "ነበረ እንጂ እማማ፤ ቡዳ በላው ነበር የምንለው" አለቻቸው። እኔ ኮቷን ጎተትኩ።

አደጋው ሽሮው ብቻ ቢሆን ደግሞ ቀላል ነበር። ሽሮ ሳህኑ ላይ ቁጭ ካለ ማንንም አይነካም። አደጋው እጅ ነው። ሌላው ሕዝብ ሲወድህ አፉን ከፍቶ ይነግርሃል፤ እኛ የአንተን አፍ እናስከፍትሃለን። አስፈቅዶ የሚያጎርስ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። እምቢ ስትል "በሞቴ" ይልሃል፤ አሁንም እምቢ ስትል "አፈር ስሆን" ይልሃል። ሰው ለአንድ ጉርሻ ሁለት ጊዜ ሞቶልህ እንዴት ብለህ አፍህን ትዘጋለህ?

ወደ ነገሬ ልምጣ። በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ አብረን የምንበላ ጓደኛሞች ነን። አንድ ወር ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ወር ወዲያ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ። የቀረ ሰው ቅጣቱ መታማት ነው። መቅደስ ከሞተች ወዲህ ቀርቼ ነበር። አላሙኝም። እሱ ከሐሜቱ ባሰብኝ።

የደወለልኝ ሽመልስ ነው። ሽመልስ የቆየ ጓደኛዬ ነው፤ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ እኔ የማልናገረውን ሁሉ እሱ ይናገረዋል። ልጅቷን ሰው አስርበሃታል አለኝ፤ ከአንተ ጋር ግድግዳ ስታይ ስትውል እኔ ብሆን ቤቱን ጥዬ እጠፋ ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከማሽን ጋር ነው፤ ማሽን እንዴት አደርክ አይልም። እሺ አልኩት።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። በፍስክ ቢሆን ትሪው ላይ አንድ ሁለት የማያሰጋ ነገር አይጠፋም። የጾም በያይነቱ ግን ለሊያ ፈንጂ የተቀበረበት ሜዳ ነው። ሽሮው ወደ ጎመኑ ይፈሳል፣ ምስሩ ወደ ድንቹ ይሻገራል፣ ክኩ ዝም ብሎ በየቦታው ይገኛል። ስለዚህ ሩዝ በካሮት ሠርቼ በምሳ ዕቃዋ አደረግኩ። እንጀራም ከቤት ጠቀለልኩላት። መርፌውን ደረት ኪሴ ከተትኩ። ከንፈሯ ማበጥ ሲጀምር ጭኗ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ጊዜው ባለፈበት መርፌ ብርቱካን እየወጋሁ ተለማምጄበታለሁ። ያም ሆኖ ቤልትዌዩን፣ ያን ከተማውን የሚዞር ፈጣን መንገድ፣ የነዳሁት በአንድ እጄ ነው፤ በሌላው ኪሴን እዳስስ ነበር።

ተራው የአሌክሳንድሪያ ነበር፤ የምንገናኝበት ምግብ ቤት ቀድመን ደረስን። ሊያን ከግድግዳው ጥግ አስቀመጥኳትና እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ በወዲያ በኩል የሚደርስባት እንዳይኖር። ሰው ሲሞላ ተነሣሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት ተነሥቼ ተናግሬ አላውቅም። ሊያ አለርጂ እንዳለባት፣ ሽሮም ምስርም ክክም ሊገድላት እንደሚችል፣ እባካችሁ ማንም እንዳያጎርሳት ብዬ ተቀመጥኩ። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። ሐበሻ አንገቱን ሲነቀንቅ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው፤ እሺ ማለቱ አይደለም። አንዱ ወዲያው "ጎመንስ?" አለኝ።

"ጎመንም።"

"ጎመን ደግሞ ምን አደረጋት?"

"ጎመኑ ምንም አላደረጋትም፤ ጎረቤቱ ነው" አልኩት።

ሳቁ። ሽመልስ ይሄ ሰውዬ ለካ ይናገራል አለ።

ደስ የሚል ምሳ ነበር፤ ለሌላው ሰው። ሊያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስትረግጥ የሚበራ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር እያወጣች ታሳያለች፣ በአማርኛ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ሰው ሲስቅላት እንደገና ትመልሳለች። ሰው ርቧት ኖሯል። እኔ ግን የማንንም ፊት አላየሁም። የማየው እጅ ነው። እጅ ሲነሣ ልቤ ይነሣል፤ እጁ ወደ ሚስቱ አፍ ሲሄድ ልቤ ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት ስበላ ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ጋሽ ታፈሰ ዘግይተው መጡ። ጋሽ ታፈሰ የሁላችንም ሽማግሌ ናቸው፤ እዚያው ማዶ አናንዴል ነው የሚኖሩት። መቅደስን ስንቀብር ክንዴን ይዘው ያቆሙኝ እሳቸው ናቸው። ለንግግሬ አልደረሱም። ሁሉም ብድግ ሲልላቸው "ኧረ በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ" እያሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ከሊያ ፊት ለፊት ተቀመጡና አዩዋት። እናት የሌላት ልጅ እንዴት እንደምትታይ ታውቃላችሁ። ሊያ ደግሞ ግንባሯ ቁርጥ የመቅደስ ነው። እንጀራ ቆረሱ፣ ከመሃል ከሽሮው ጠቀሱ፣ ጠቀለሉ። ትልቅ ነበር። ለሥጋ ዘመድ የሚጠቀለል ዓይነት።

"ሊያዬ፣ የእናትሽ ምትክ፣ እንኪ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሊያ አፏን ከፈተች። ከሰው እጅ እንዳትበላ አስተምሬያታለሁ። ሽማግሌ እንድታከብርም አስተምሬያታለሁ። ሁለቱ ሲጋጩ ምን እንደምታደርግ ግን አላስተማርኳትም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ለመናገር ጊዜ የለም። እጃቸውን እንዳልመታ ሽማግሌ ናቸው፤ ብመታውስ ሽሮው ፊቷ ላይ ይረጫል። ልጅቷን ወደ ኋላ እንዳልስብ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ጥግ ያስቀመጥኳት ራሴ ነኝ። አንገቴን አስግጌ መሃል ገባሁና ጉርሻውን ከነጣታቸው ጎረስኩት።

የሁሉም እጅ ከትሪው ተነሣ። ጎልማሳ ሰው እናት ከሌላት ልጁ አፍ ጉርሻ ሲቀማ ማን አይቶ ያውቃል? ላስረዳ አልቻልኩም፤ አፌ ሙሉ ነው። ሽሮው ይፋጃል። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ያየ ሁሉ ሐዘን መሰለው። ለጋሽ ታፈሰ በእኔ ፈንታ የነገራቸው ሽመልስ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሊያ እንዳትሰማ ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ።

ጋሽ ታፈሰ እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ጣቶቻቸውን አዩ። ልጅቷን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"መቅደስ ነግራኝ ነበር" አሉ። "ያበዛችው መስሎኝ ነው። እሷም እንዲህ ታደርገኝ ነበር።"

ዋጥኩ። "ምን ታደርግዎት ነበር?"

"ለልጅቷ ስጠቀልል አፏን ከፍታ ትመጣለች። 'ለእኔ ነው አይደል ጋሼ?' ትለኛለች። ሁልጊዜ። እኔን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም።" ጣታቸውን ጠረጉ። "ሆዳም ናት ብዬ ቤት ገብቼ አምቻታለሁ።"

የሳቀ የለም። ከእነዚህ ምሳዎች ስንመለስ መቅደስ እራት አትቀምስም ነበር። ጠግቤያለሁ ትለኝ ነበር። እኔ ከወንዶቹ ጋር ስጫወት እሷ ከሊያ ጋር ማዶ ጥግ ላይ ናት፤ ሳቋን እሰማለሁ፤ ደስ ብሏታል እላለሁ። ለካ የጠገበችው ፍርሃት ኖሯል።

ጋሽ ታፈሰ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉና እንደገና እንጀራ ቆረሱ። ልቤ እንደገና ተነሣ። ጉርሻው ወደ እኔ መጣ። ጎረስኩ። ሦስተኛም መጣ። ከዚያ የሆነውን ማስቆም አልቻልኩም፤ ለሊያ የታሰበው ጉርሻ በየሰው እጅ ታምቆ ኖሮ፣ መሄጃ ሲያገኝ ከየአቅጣጫው መጣ። ሽመልስ "በመቅደስ ይዤሃለሁ፣ ክፈት፤ ከዛሬ ጀምሮ የልጅቷ አፍ አንተ ነህ" አለኝ። ሌላውም ተከተለ። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ ከነጎረቤቱ። ሊያ ሩዟን ትታ በሳቅ ፈረሰች። "ዳዲ ኢዝ ሶ ሀንግሪ" አለች። እውነት ነው፣ ርቦኝ ኖሯል፤ ከመስከረም ወዲህ እንዲያ በልቼ አላውቅም።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ታፈሰ ከመታጠቢያ ቤት መጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበዋል። ፊቴ ዘረጉልኝ፤ መዳፉን አሳዩኝ፣ ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ።

"ልዳብሳት?" አሉኝ።

ጋሽ ታፈሰ እኔን አስፈቀዱኝ። "ይዳብሷት" አልኩ። ራሷን ዳበሷት። ውሸት ምን ያደርጋል፤ ያን ጊዜም ጥፍራቸውን አይቻለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የወንዙን ድልድይ ስንሻገር ሊያ ከኋላ አሳለች። ድልድይ ላይ መኪና ማቆም አይቻልም። በመስተዋቱ ከንፈሯን አየሁ። ደግማ አሳለች። መርፌውን ከኪሴ አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ የትኛው ጫፉ ወደ ታች እንደሆነ ጠፋኝ፤ ያን ሁሉ ብርቱካን የወጋ ሰው።

"ሊያ፣ ጉሮሮሽን ያሳክክሻል?"

"ኖ።"

"ምላስሽን አሳዪኝ።"

አሳየችኝ። ክተቺው ስላላልኳት ሜሪላንድ ገብተን ቤታችን እስክንደርስ ምላሷን አውጥታ መጣች። ሳሉ ሳል ብቻ ነበር።

ቤት ስንገባ ልብሷን አወለቅኩ፣ አጠብኳት፣ ጀርባዋን አየሁ፣ ሽፍታ የለም። አልጋዋ ላይ ወጥታ እንደ ወትሮው ጉንጯን አዙራ ሰጠችኝ። ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ባለሁበት ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ስጠብቅ ውዬ፣ የዚያ ትሪ ሽሮ አብዛኛው ያለው እኔ አፍ ውስጥ ነው።

ጠብቂኝ አልኳትና መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ጥርሴን ቦረሽኩ፤ ደገምኩት። ፊቴን በሳሙና አሸሁ። ቀና ብዬ መስተዋት ሳይ ጢሜን አየሁት። ስለ ጢሜ አልነገርኳችሁም። መቅደስ ከሞተች ወዲህ አልተላጨሁም። አርባዋ ሲወጣ በቃህ ተላጭ ብለው ለመኑኝ፣ ሽመልስም መላጫ ገዝቶ አመጣ፤ እምቢ አልኩ። ሐዘኔን ከፊቴ ላይ የሚያነሣ ሰው አልፈለግኩም። አሁን ከአገጬ ሥር፣ ጸጉሩ መሃል፣ የደረቀ ሽሮ አለ። ታጠብኩት፤ ለቀቀ። ደግሜ ታጠብኩት። ሳሙና ይበቃ እንደነበር አውቃለሁ፤ ፍርሃት ግን በሳሙና አይለቅም።

"ዳዲ፣ አር ዩ ካሚንግ?" አለችኝ ከአልጋዋ።

መጣሁ አልኳት። መላጫውን ከማሸጊያው አወጣሁና ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ። ከዚያ ገብቼ ጉንጯን ሳምኳት።