የእንሰትን በር የሚያንኳኳው ወዳጄ

በየካፌው፣ ሳትጠይቀው ስለ ሥራው የሚያብራራልህ አንድ ሰው አይጠፋም። የጥርስ ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢም። ዓለም የተፈጠረችው የእሱን ሙያ ቁጭ ብላ እንድትሰማ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው በየሰፈሩ ሲታደል፣ ለእኛ ለፒያሳ ሽማግሌዎች የደረሰን ክቡር ዶክተር ሉልሰገድ ነው።

ሉልሰገድ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አራት ኪሎ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚታገለው አንድ ነገር ለማድረግ ነው፤ አጠውልግ በሽታን የሚቋቋም ዘረመል እንሰት ሕዋስ ውስጥ ማስገባት። በመርፌ አይደለም። ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ በአልትራሳውንድ ነው። ገና ወንበር ሳይስብ "እስቲ ብርጭቆህን" ይልና ማኪያቶዬን በማንኪያ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል።

"አየህ፣ ውሃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ሲፈነዳ የሕዋሱ ቆዳ ላይ ለቅጽበት ቀዳዳ ይከፈታል። ዘረመሉ ሹልክ! ቀዳዳው ይዘጋል። እኛ በር አንሰብርም፣ እናንኳኳለን።"

እስከዚያ ማኪያቶዬ ይቀዘቅዛል።

አስተናጋጇ ትርሓስ ከሩቅ ስታየው ትጀምረዋለች።

"ዶክተር፣ ዛሬስ ከፈቱልዎ?"

"ገና ናቸው።"

"እንግዲህ ቤት የሉም ማለት ነዋ!"

ዘንድሮ ጡረታው ደረሰ። ውጤት ካሳየ አንድ ዓመት ይጨመርለታል፤ ካላሳየ በወሩ መጨረሻ የሥራ ጠረጴዛውን ያስረክባል። በዚህ መሀል የላቦራቶሪው ማሽን ተቃጠለ። ሌላ ሰው ዕድሉን ይረግም ነበር። ሉልሰገድ ግን እኔን አስከትሎ ወርቅ ሠሪው ዘይኑዲን ሱቅ ገባ። ወርቅ ሠሪዎች ያደፈ ቀለበት የሚያጥቡት በዚያው በአልትራሳውንድ ነውና።

የቀሩት ሁለት ብልቃጥ ሕዋሶች ብቻ ነበሩ።

"ዘይኑዲን፣ ሠላሳ ሴኮንድ ብቻ" አለና አንደኛውን ሰጠው። ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ ሊያናግር ወደ በሩ ወጣ። እኔ የአንገት ሐብል እያየሁ ነበር። ሲመለስ ማሽኑ አሁንም ይንጫጫል።

"ስንት ሆነው?"

"አሥር ደቂቃ። ጥርት ይበልልዎ ብዬ ነው ዶክተር። ለእርስዎማ እንደ መንገደኛ ሠላሳ ሴኮንድ እሰጣለሁ እንዴ?"

ሕዋሶቹ ጥርት ብለው ሞቱ። በቸርነት የገደለብህን ሰው እንዴት ብለህ ትቆጣዋለህ? የሁለተኛውን ብልቃጥ ሠላሳ ሴኮንድ ዘይኑዲን ራሱ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ጮክ ብሎ ቆጠረለት።

ከሦስት ቀን በኋላ ማቅለሚያ ይጨመርበታል። ዘረመሉ ከገባ ሰማያዊ ነጥብ ይወጣል።

በአራተኛው ቀን ሉልሰገድ ካፌው ገባ። ተቀመጠ። ብርጭቆዬን አልጠየቀም። ትርሓስ እንኳ "ከፈቱልዎ?" ሳትለው ማኪያቶውን አስቀምጣ ሄደች።

የሰው ልጅ የወዳጁን ልፍለፋ ሲያማርር ዕድሜውን ይፈጃል፤ ያ ልፍለፋ የቆመ ቀን ግን ወለሉ የተከፈተበት ያህል ይደነግጣል። አሥራ አንድ ዓመት "እባክህ ዝም በል" ስል የኖርኩት እኔ፣ ማንኪያዬን አንስቼ የእሱን ብርጭቆ ቀጭ ቀጭ አደረግሁት።

"አየህ፣ ውሃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይፈጠራል" አልኩት። "አረፋው ሲፈነዳ ቀዳዳ ይከፈታል። ታዲያ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል..."

"ሴኮንድ!" ብሎ ጮኸ። ካፌው በሙሉ ዞረ። "ሠላሳ ሴኮንድ ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ስትሰማ ነበር?"

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ነጭ የሕዋስ ክምር፤ እላዩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ።

"አንድ በር" አለ ቀስ ብሎ። "አንድ ብቻ። መደገም አለበት። ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ እስቲ ብርጭቆህን።"

የራሱ ብርጭቆ ፊቱ ተቀምጧል። የእኔ ገና ትኩስ ነበር፤ አልቀመስኩትም። ገፋ አድርጌ ሰጠሁት።