የቆጮው ጉድጓድና የኔ ሆድ

የዛሬውን ውርደት ለጠላቴ እንኳን አልመኝም! ቆይ፣ ለጣሊያኑስ እመኛለሁ።

(ሶሻል ሚዲያ ገና አልተፈለሰፈም እንዳትሉኝ። ውርደት ፈጠራ አይጠብቅም። ብቻ ሼር አታድርጉ፣ ባንዳ ያያል!)

እንደምታውቁት የቡልጋ ልጅ ነኝ፤ ቡታጅራ የመጣሁት ላስተምር ነው። ጣሊያን ትምህርት ቤቱን መጋዘን አደረገውና ክረምቱን ሥራ ፈት ሆንኩ። የሰፈሩ ልጆችም እንደኔው። ዝናቡ ጋብ ሲል በእንሰቱ መሃል አብረን እንዞራለን። ጉንዳን እንከተላለን። ትናንት አንዲት እስስት ቀለሟን ስትለውጥ ግማሽ ቀን ቆመን አየናት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክፍል ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ድንጋይ መገልበጥ ጀመርን።

"ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር አንድ ተአምር አለ!" አልኳቸው። ትል! ጥንዚዛ! እነሱ ይጮሃሉ፣ እኔ እኮራለሁ።

ከዚያ ሰሚራ ቤት ጓሮ አንድ ትልቅ ድንጋይ አየሁ። ሰሚራ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን የአርባ ዓመት ነው።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ይቅርብዎ" አለችኝ።

የፈራች መሰለኝ። "ሳይንስ አይፈራም!" ብዬ ገለበጥኩት። ከሥሩ የእንሰት ቅጠል ወጣ። እሱንም ገለጥኩት።

ወይ ጉዴ! የቆጮ ጉድጓድ!

እኔ የጤፍ አገር ሰው፣ ምን አውቄ? ቆጮ ተቀብሮ እንደሚብላላ ሰምቻለሁ፣ ጉድጓዱን ግን አይቼ አላውቅም። ሰሚራ ያኔ ነው የነገረችኝ፦ እናቷ እትዬ ከድጃ፣ የጣሊያን ቀለብ ሰብሳቢዎች እንዳይወስዱባት የቤተሰቡን የክረምት ምግብ በሙሉ እዚያ ደብቃዋለች። ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ላይናገሩ "ወላሂ" ብለው ምለዋል። የማላውቀው እኔ አስተማሪው ብቻ!

ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ።

በመንገዱ ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ቀለብ ሰብሳቢዎቹ! አንድ ጣሊያንና አንድ ባንዳ።

በኔ ሳይንስ ስድስት ነፍስ ሊራብ ነው። ቅጠሉን መልሼ፣ ጋቢዬን ዘርግቼ ጉድጓዱ ላይ ዘፍ አልኩ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አለ ባንዳው። ከሩቅ አገር የመጣ ነው፣ ቆጮን ከኔም ባሰ አያውቅም።

ሰሚራ ቀደመችኝ፦

"ጋሼን ሆዳቸውን አሟቸው ነው!"

ሌሎቹ ተቀበሏት። "ከጠዋት ጀምሮ!" "ትናንትም እንዲሁ ነበሩ!" አንዷማ "መነሳት አይችሉም፣ አምልጧቸዋል" አለች!

በአንቱታ ነው ያዋረዱኝ!

ምን ላድርግ? ሆዴን ይዤ አቃሰትኩ። ባንዳው ለጣሊያኑ በምልክት አስረዳው። (ምልክቱን አልነግራችሁም።) ጣሊያኑ መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሸሸ።

ቆጮው ተረፈ፣ ስሜ ግን አለቀለት። ከምሳ በፊት ገበያው ሁሉ ሰምቶ አንዲት ሴትዮ ኮሶ ላከችልኝ። "አልታመምኩም" ብል ጉድጓዱ ሊታወቅ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀበልኩ።

አመሻሽ ላይ ሰሚራ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ እማዬ ነገ ከጉድጓዱ ቆጮ ልታወጣ ነው። ጋቢዎን ይዘው ይምጡልኝ ብላለች።"

እሺ አልኩ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ይሄ ጣሊያን እስኪወጣ ስንቴ ልታመም ነው?