ትንሽ አቅጣጫ ብቻ

ወላጅ በሁለት ይከፈላል፤ የልጁን የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ራሱ የሚሠራ፣ እና ራሱ ሠርቶ የሚክድ። ጎረቤቴ ክቡር ኢንጂነር የሁለተኛው ወገን አለቃ ናቸው።

የሦስተኛ ክፍል መምህርቷ ወላጆችን ሰብስባ፣ «ዘንድሮ ሳይንሱን ለብቻ፣ ሒሳቡን ለብቻ አናስተምርም። እያንዳንዱ ልጅ ‹ውሃ በሰፈራችን› የሚል ፕሮጀክት ይሠራል። ሰው ይጠይቃሉ፣ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሥላሉ። እባካችሁ እናንተ እንዳትነኩባቸው» አለችን።

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ኢንጂነሩማ ከሁላችንም አብልጠው ነቀነቁ።

በማግስቱ ግቢያቸው ውስጥ ብየዳ ተጀመረ። የፕሮጀክቱ ባለቤት፣ ትንሿ ልጃቸው፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። አባዬ ‹አትጠጊ፣ ዓይንሽን ያቃጥልሻል› ብሎኛል።»

ክቡርነታቸው የብየዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ «እኔ ምንም አልነካሁም፤ ትንሽ አቅጣጫ ብቻ ነው የሰጠሁት» አሉኝ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ልጅቷ እኮ ናት የምትማረው!» ብለው ባለቤታቸው ከመስኮት ጮኹ።

«እያየች ትማራለች!»

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የልጄን ጽሑፍ «ትንሽ አረምኩለት» ስል፣ ከእርሱ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር።

የማቅረቢያው ቀን የኢንጂነሩ ሥራ በፒክአፕ መጣ። በብረት ማማ ላይ የቆመ ማጠራቀሚያ፣ ሞተር፣ ቧንቧ፣ ብልጭ ድርግም የሚል አምፖል። አራት ሰው ተሸክሞት ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ አልገባ አለ። ሁሉን ለክተው በሩን ረስተዋል! «በሩ ይነቀል» ቢሉ ዘበኛው በጄ አላለም፤ ስለዚህ ፕሮጀክቱ ኮሪደር ላይ ቀረበ።

መምህርቷ ቁጢጥ ብላ፣ «ይሄ ምንድን ነው የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

ልጅቷ አባቷን አየች። አባት ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው «የግፊት መቆጣጠሪያ» አሉ።

«የ... ግፊያ መቆጣጠሪያ» አለች።

በኮሪደሩ የሚጋፋው ወላጅ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

«ከሰፈር ሰው ማንን ጠየቅሽ?»

«ማንንም። አባዬ ሁሉን ያውቃል።»

«እሺ፣ በሰፈራችሁ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። ኢንጂነሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ግቢያቸው ሙሉ በርሜል ነው፤ ውሃ ሲሄድና ሲመጣ መች አይተው ያውቃሉ!

«ሁሉም ልጅ የሚናገረው አለው» አለች ልጅቷ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፤ «እኔ ብቻ ምንም አላውቅም!»

ስንቶቻችን ወለል ወለሉን እንዳየን ብትመለከቱ! መምህርቷ አንድ ሳምንት ጨመረችላት። ኢንጂነሩም ያን ሁሉ ብረት አስጭነው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፣ ደብተርና እርሳስ ይዛ። ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ኢንጂነሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«ቤታችሁ ውሃ የሚመጣው መቼ መቼ ነው?»

«ማክሰኞና ሐሙስ።»

ምላሷን አውጥታ፣ እርሳሱን ተጭና ጻፈች፦ «ማክኞና ሐሙስ»።

ኢንጂነሩ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ቀስ ብለው መዳፋቸውን አንስተው አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አመሰግናለሁ» አለችና ደብተሯን ዘግታ ወደሚቀጥለው በር ሄደች። እርሳቸውም ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ተከተሏት፤ አፋቸውን ቢከፍቱ የምትወጣው ያቺው የተረሳችው «ሰ» ነበረቻ!

እኚህን ሰው ምን ብዬ ልጥላቸው?