በበቆሎዬ መካከል የቆመው ጸጉራም

ሰው ያላየውን የሚፈራውን ያህል ያየውን ቢፈራ ኖሮ ስንት አደጋ በቀረልን! እኔ ጅብ በደጄ ሲያልፍ የምቆጣ ሴት፣ በሬዲዮ የሰማሁትን አውሬ ግን ፈራሁ።

ጊዜው ክልላችን ገና አዲስ የሆነበት፣ አሶሳ ከተማ ውስጥ በየቢሮው ደጃፍ የተሰቀለው ሰሌዳ ቀለሙ ያልደረቀበት ነው። ባለቤቴ የታመሙ እናቱን ሊጠይቅ ወሎ ሲሄድ ሁለት አደራ ጣለብኝ፤ አንዱ ሬዲዮኑ፣ ሌላው ከቀርከሃው ጫካ ጥግ ያለው በቆሎአችን። የዓመት ቀለባችን እሱ ነው። በቆሎ እሸት መያዙን ደግሞ ዝንጀሮ ከባለቤቱ በፊት ያውቃል፤ አንድ ጠዋት ዞር ቢሉ አገዳውን ብቻ ያስቀርልዎታል።

ሬዲዮኑ ታዲያ በየሳምንቱ ስለ አንድ ጸጉራም ፍጥረት ያወራል። በሩቅ አገር ተራራ ላይ ነው አሉ፤ ቁመቱ እንደ ሰው፣ ጸጉሩ እንደ ዝንጀሮ። የተማሩ ሰዎች ካሜራና ገመድ ይዘው ስንት ዓመት ይፈልጉታል፣ አያገኙትም። አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምናልባት አሁን እያየን ይሆናል» ሲል፣ እኔ አምስተኛ ክፍል የደረስኩት ሴት ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።

የማሳ ጎረቤታችን አያ ኢድሪስ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። ይህንኑ ስነግራቸው «በቆሎ ይበላል?» አሉኝ። እንጃ አልኩ። «ካልበላ አንተ ምን አገባህ!» ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? በማርያም ዕለት ቅዳሴው ረዘመብኝና ማሳዬ ዘግይቼ ደረስኩ። ያካፋል፤ ጭጋጉ ከቀርከሃው ላይ ወርዷል። እናም በበቆሎዬ መካከል ቆሟል! ቁመቱ እንደ ሰው፣ ጸጉሩ እንደ ዝንጀሮ፣ ልክ ሬዲዮኑ እንዳለው። መሸሽማ አምሮኝ ነበር፤ ግን የልጆቼን ቀለብ ጥሎ ወዴት ይሸሻል? አማትቤ፣ እመቤቴን ጠርቼ፣ ወንጭፌን አዞርኩ። ከቅዳሴ የወጣ እጅ አይስትም መሰለኝ፣ ድንጋዩ ጀርባው ላይ አረፈ።

ጸጉራሙ ጮኸ። በአማርኛ! «ተው! እኔ ነው! ኢድሪስ ነው!»

ሮጬ ስደርስ ካፖርቱን አወቅሁት። ከወሎ መጥተን ሰፈራ ጣቢያ ሳለን ከባሕር ማዶ ከመጣው የእርዳታ ልብስ ለእኔ የደረሰኝ ነው፤ ለበረዶ አገር የተሰፋ፣ ጸጉር በጸጉር። በአሶሳ ሙቀት ማን ይለብሰዋል? ወባ ሲያንቀጠቅጣቸው አይቼ ለአያ ኢድሪስ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ!

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ስለምን፣ እሳቸው ጀርባቸውን እያሹ፣ ዝንጀሮዎቹ ወደ እኔ ማሳ ሲወርዱ ጠባቂ እንደሌለ አይተው የራሳቸውን ጥለው እንደመጡ ነገሩኝ። «አንተ ቤት ልጅ ብዙ ነው» አሉ። ቀና ብዬ ማዶ ባይ፣ ከእኔ ማሳ የተባረረው መንጋ በእሳቸው ማሳ ተቀምጦ እሸት ይልጣል።

በቆሎዬን እኩል ተካፈልን፤ ጀርባቸውንም በሞቀ ጨው ስተኩስ ሰነበትኩ።

በሳምንቱ ጀርባቸውን እየተኮስኳቸው ሳለ ሬዲዮኑ ያንን ወሬውን ቀጠለ። አቅራቢው በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ «ይህ ፍጥረት ከሰው ልጅ ለምን እንደሚሸሽ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አልተገኘም» አለ።

አያ ኢድሪስ ዞር ብለው አዩኝ። «አምስተኛ ክፍል ተምረህ የለ?» አሉኝ፤ «ደብዳቤ ጻፍላቸው እንጂ!»