የክቡር ጋሽ ሳህሉ ጨረር መለኪያ

በየቤተሰቡ፣ ሁሉን ነገር ካልመረመረ እህል የማይወርድለት አንድ ሰው አይጠፋም። ለዕፀገነት እንዲህ ያለው ሰው የደረሳት ባል ሆኖ ነው። የለንደኑ የኪልበርን ሰፈር ነዋሪ፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ክቡር ጋሽ ሳህሉ፣ ከቤት ሲወጡ መነጽራቸውን ይረሳሉ እንጂ ጨረር መለኪያቸውን አይረሱም።

ሱቅ ገብተው እንጉዳይ ላይ ይደግኑታል። ባለሱቁ ሳሚር ለምዷቸው፣ «ዛሬስ አለፍኩ?» ይላቸዋል። «አንድ ቦታ ተለክቶ አይታመንም» ብለው ሌላውን ሳጥን ይከፍታሉ። ባለፈው ደግሞ ምእመኑ ከገዳም የመጣ እምነት ግንባሩን ሲቀባ፣ እሳቸው እምነቱን ሊለኩ በኩታቸው ሥር ማሽኑን አበሩት። ቤተ ክርስቲያኑ መሃል ጢጥ ጢጥ አለ። ዕፀገነት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የባሰው እዚያው ለንደን፣ ክላፋም ሰፈር ሆነ። ልጃቸው ዳናዊት ወልዳ ሊጠይቋት ሄደው፣ አፈሩን ለመለካት ብለው የጓሮዋን ሣር ሃያ ሦስት ቦታ ቆፈሩት። ዳናዊት ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ኢናፍ ነው። እሁድ ክርስትናው ላይ ያንን ማሽን ይዞ ከመጣ በር አልከፍትም። አይም ሲሪየስ።»

ዕፀገነት ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች። «የልጅ ልጅህ ይበልጣል ወይስ ይሄ ዕቃ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ሆነህ ነው ሳህሉ?»

ጋሽ ሳህሉ ከቁም ሣጥኑ ሥር የተጣጠፈ ካርታ አወጡ። ዩክሬን ተማሪ ሳሉ፣ የአገሩ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በፈነዳ ሰሞን፣ የየመንደሩን አፈር እየለኩ ካርታ እንዲቀቡ ተልከው ነበር። ቀዩ የተመረዘ፣ ነጩ ንጹሕ።

«አንዲት አሮጊት ድንች ቀቅላ አበላችኝ» አሉ። «ደጃፏን ለካሁ፣ ንጹሕ ነው። ጓሮዋ ቀረኝ። ድንቿን በልቼ ስነሳ፣ ጓሮሽ ተመርዞ እንደሆነ ልቆፍር ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ። ነጭ ቀባሁት። በሁለት ዓመቱ ሌላ ሰው ሲለካው፣ ለካ ዝናቡ መርዙን ያወረደው እዚያ ጓሮ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ በልተዋል። ሦስት የልጅ ልጆች ነበሯት።»

«ምን ሆኑ?»

«አልጠየቅኩም። ፈራሁ።»

ዕፀገነት እግዜር ይቅር ይልሃል ልትል አስባ ተወችው። ቢያለቅሱላት ይሻላት ነበር፤ አላለቀሱም።

እሁድ ጠዋት ጋሽ ሳህሉ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ ትተው እስከ በሩ ሄዱ። ተመልሰው አነሱት።

«አልቻልኩም ዕፀ። አንቺ ሂጂ።»

ዕፀገነት ስልኳን አወጣች። «ዳኒዬ፣ አባትሽ አይመጣም። እኔም ከሱ ጋ ነኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።»

ነጠላዋን አውልቃ ከጎናቸው ተቀመጠች። ሕፃኑ ያለ አያቶቹ ክርስትና ተነሳ።