እትዬ ትርፌና የማይታመነው ፍላሽ

ጠርጣሪ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰው ያልሰፈረበት ባዶ ቦታ መሆን አለበት። ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ማር ሲገዙ ስኳር፣ ቅቤ ሲገዙ ሙዝ፣ በርበሬ ሲገዙ ሸክላ የሚታያቸው ሰዎች ናቸው። ቤታቸውን ቆልፈው ከወጡ በኋላ ከመንገድ ተመልሰው እጀታውን ይነቀንቃሉ። ደውለህ "እንደምን አደሩ?" ስትላቸው "ምነው፣ ምን ሰማህ?" ይሉሃል።

በእኛ ሰፈር፣ በጂማ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ ትርፌ ናቸው። እኛ እትዬ ትርፌ እንላቸዋለን። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሌላው ጠርጣሪ ሰውን ይጠረጥራል፤ እሳቸው የሚጠረጥሩት ፍላሽ ነው። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" የሚለውን ተረት በቀን አንዴ ሳይሉ አይውሉም፤ ዝናብ ሆኖ ከቤት ካልወጡ ደግሞ ለራሳቸው ይሉታል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ሳሎናቸው ጥግ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር ነው። ልጃቸው መሳይ ሐዋሳ ሥራ ሲይዝ ትቶላቸው የሄደው፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ዊንዶውስ ሰቨን የተጫነበት አሮጌ ማሽን ነው። ዊንዶውስ ሰቨን ደግሞ ሠሪው ድርጅት እድሳት መላክ ካቆመለት ዓመታት አልፈዋል። መሳይ ለበዓል ሲመጣ ይህንኑ ነገራቸው።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር ከእንግዲህ ኢንተርኔት ላይ አደጋ ነው። ጣይው፣ አዲስ አመጣልሻለሁ።"

"ደህና የሚሠራ ዕቃ ይጣላል እንዴ? ሠሪው ከተወው እኔ እጠብቀዋለሁ" አሉት።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ባጃጅ ላይ ጭነው፣ እንደ ታመመ ሰው በክንዳቸው ደግፈው፣ እዚያው ጂማ መርካቶ በኩል ሱቅ ያለው አኒስ ዘንድ ወሰዱት። አኒስ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እሱም የልጃቸውን ሐሳብ ደገፈ። እንቢ ሲሉት ግን ተቀምጦ አስረዳቸው። "እትዬ፣ አጥሩ የማይጠገን ቤት ማለት ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም። መተዉ ይሻላል። አልተውም ካሉ ግን በሩን ያጥብቡ፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ይወቁ።"

ይህ ምክር ለሌላ ሰው ቢነገር በሳምንቱ ይረሳ ነበር። እትዬ ትርፌ ጋ ሕገ መንግሥት ሆነ።

የባንክ ጉዳይ በዚያ ኮምፒውተር አይነካም፤ እሱ በስልካቸው ነው። ኢንተርኔት የሚከፈተው የመሳይን ኢሜይል ለማየትና ዜና ለማንበብ ሲሆን፣ እሱም አኒስ መርጦ በጫነላቸው፣ ለአሮጌ ማሽን እስካሁን እድሳት በሚመጣለት ብሮውዘር ብቻ ነው። ሲጨርሱ በማጥፋት አይረኩም። የኢንተርኔቱን ገመድ ራሱን ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ ብርጭቆ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል። "ውሻ ሲታሰር ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ" ይላሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሁለቱ ትርፌዎች ነገር ነው። አኒስ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ተጠቃሚ አስመዝግቦላቸዋል፤ ሁለቱም እሳቸው ናቸው። ተራዋ ትርፌ ደብዳቤ ታነባለች፣ ፎቶ ታያለች፣ አዲስ ነገር መጫን ግን አትችልም። ለመጫን በሌላ የይለፍ ቃል የምትገባዋ አለቃዋ ትርፌ መፍቀድ አለባት። አለቃዋ እስካሁን የፈቀደችው ነገር የለም። "በስህተት አንድ ነገር ብነካስ? እኔ ራሴን ምን አውቃለሁ?" አሉኝ አንድ ቀን። እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ከጥንቃቄያቸው ግማሹ ከንቱ መሆኑንም መናገር ይገባል። ጉንፋን የያዘው እንግዳ ከኮምፒውተሩ ርቆ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው "ቫይረስ ቫይረስ ነው" ብለው ዘጉኝ።

ፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ምራት ሊያጭ የመጣ ሽማግሌ ያህል ይመረመራል። እኔ ኮሌጅ አስተምራለሁ፤ አልፎ አልፎም ለጋዜጣ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ላፕቶፔ ተበላሽቶብኝ ጽሑፌን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ከደጃፉ አላሳለፉኝም።

"ከየት ነው የመጣው?"

"ከቢሮዬ።"

"ከዚያ በፊትስ የት የት ተሰክቷል?"

"ተማሪዎቼ ጋ... ኢንተርኔት ቤት..."

"ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ እንዲህ ሲዞር የኖረ ነገር ይዘህ ሰው ቤት ትገባለህ?"

ጽሑፌን በእጅ ጽፌ ጨረስኩት።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ እያለን ነው የሙርሺድ ልጅ የሙና ሠርግ የደረሰው። ሙርሺድ ከእትዬ ትርፌ ቤት ቀጥሎ የሚኖር፣ በአጋሮና በጂማ መሃል ቡና ሲያመላልስ ያረጀ ነጋዴ ነው። እናቱ እማማ ከድጃ ከአጋሮ መጥተው እሱ ቤት ነበሩ። ሠርጉ ከረመዳን በፊት ተደገሰ፤ ሰፈሩ ሁሉ በላ፣ ጨፈረ። ቪዲዮውን ያነሳው አብሳሎም የሚባል ባለ ፎቶ ቤት ወጣት ነው።

ቪዲዮው በፍላሽ ተሠርቶ ሲመጣ ሙርሺድ ለእናቱ በትልቅ ስክሪን ሊያሳያቸው ፈለገ። ትልቅ ስክሪን ያለው እትዬ ትርፌ ጋ ነው። እማማ ከድጃን ደግፎ ሲመጣ እኔም ተከተልኩ።

"ወላሂ ንጹህ ነው፣ እትዬ። ዛሬ ከሱቅ የወጣ አዲስ ፍላሽ ነው" አለ ሙርሺድ።

"ፍላሹ አዲስ ነው፤ የሰካው ኮምፒውተርስ?" አሉት።

እኛን አስቀምጠው፣ የኢንተርኔቱ ገመድ መነቀሉን አይተው፣ አኒስ እንዳሳያቸው ፍላሹን ሳይከፍቱ በጸረ ቫይረስ ፈተሹት። ማሽኑ ጮኸ። እውነትም ነበረበት፤ ፋይሎችን ደብቆ በቦታቸው የውሸት ምልክት የሚያስቀምጠው፣ በየኢንተርኔት ቤቱ የታወቀው ነው። አጸዱት፤ ሠርጉንም አየን። እትዬ ትርፌ ግን በዚያ አልተኙም። በማግስቱ አብሳሎም ፎቶ ቤት ሄደው "ልጄ፣ ኮምፒውተርህ ታሟል" አሉት።

አብሳሎም ሳቀ። "እትዬ፣ የእርስዎን ሙዚየም ትተው የእኔን አዲስ ማሽን ይጠረጥራሉ?"

"እኔስ ነግሬሃለሁ" ብለው ወጡ።

እማማ ከድጃ ኢድን አብረውን ውለው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ሳይሰቃዩ፣ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ጋደም ባሉበት ነው። ሙና ያኔ ባሏ አገር አዳማ ነበረች፤ አርግዛ ስለነበር መንገድ ከለከሏት። ከሐዘኑ በኋላ ለአባቷ ደወለች።

"አባ፣ የሠርጉን ቪዲዮ ላክልኝ። አኮ የመረቀችንን ልስማው። ልጄም ይስማው።" አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እማማ ከድጃን የምትጠራቸው እንደዚያ ነበር።

ሙርሺድ ፍላሹን ፈለገ። ፍላሹ አጋሮ ለዘመድ ይታይ ተብሎ ተልኳል፤ ከቤት ቤት ሲዞር አንድ ሰው ቦታ አነሰኝ ብሎ ሠርጉን አጥፍቶ የቱርክ ድራማ ጭኖበታል። ግድ የለም፣ አብሳሎም ዋናው አለው ብሎ ፎቶ ቤት ሄደ። አብሳሎም በሩን ገርበብ አድርጎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። በነጻ የተገኘ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ከኢንተርኔት አውርዶ ጭኖ፣ በማግስቱ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የዓመቱ ሥራ ሁሉ ተቆልፎ፣ መክፈቻውን ከፈለግህ ክፈል የሚል ጽሑፍ ጠበቀው። ቅጂ የያዘበት ዲስክ እንኳ ከማሽኑ ሳይነቀል ስለሚያድር አብሮ ተቆልፏል። አኒስ መጥቶ አይቶ "ብትከፍላቸውም ለመክፈታቸው ዋስ የለህም፤ አትክፈል" ብሎታል።

ሙርሺድ ሲመለስ እኔን መንገድ ላይ አገኘኝ። ክንዴን ያዘኝ። "ለልጄ ምን ብዬ ልንገራት? የእናቴ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። ስልክ እንኳ ስታወራ 'በል ደህና ዋል' ብላ ትዘጋ ነበር እንጂ ማን ቀድቷት ያውቃል?"

እትዬ ትርፌ አጥራቸው ሥር ጎመን ሲቀጥፉ ሰምተውናል። ብቅ አሉ።

"ምን ጠፋ?"

"የሙና ሠርግ" አለ ሙርሺድ።

"አልጠፋም።"

"የት አለ?"

"አንተው ቤት።"

ሙርሺድ አየኝ። እኔም አየሁት። እትዬ ትርፌ ጎመናቸውን አስቀምጠው አስረዱን። ያን ቀን ፍላሹን ካጸዱ በኋላ፣ እማማ ከድጃን አስፈቅደው፣ ሠርጉን ወደ ራሳቸው ዲስክ ቀድተውታል። ያ ዲስክ የፎቶአቸውና የደብዳቤአቸው ሁሉ ቅጂ ያለበት ነው፤ በየወሩ አንዴ ብቻ ይሰካል፣ ከዚያ ይነቀላል። ቅጂ ደግሞ ከዋናው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም፤ ቤት ቢቃጠል ወይ ቢሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ዲስኩን በብስኩት ቆርቆሮ አሽገው አደራ የሰጡት ለእማማ ከድጃ ነበር። ካረፉ ወዲህ ደግሞ ሐዘንተኛን የሟችን የልብስ ሳጥን ክፈት ማለት ከብዷቸው ዝም ብለው ከርመዋል።

"ለምን ለእኔ አልሰጡኝም?" አለ ሙርሺድ።

"ለአንተ? አንተ ስልክህን ባጃጅ ላይ ስትረሳ አይደለም እንዴ የምትውለው? ከድጃ አደራ ታውቃለች። ምን እንዳለበት እንኳ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በራሳቸው የማይተማመኑት ሴትዮ በአንድ ሰው ይተማመኑ ነበር፤ እኛ አላየንም።

ሙርሺድ ከቀብሩ ወዲህ ያልነካውን የእናቱን ሳጥን ከፈተ። ከመስገጃቸውና ከታጠፉት ሻሾች ሥር ቆርቆሮው ተቀምጧል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላስቲኩ ላይ ደግሞ በራሳቸው ሻሽ ታስሯል። ሻሹን እትዬ ትርፌ አላሰሩትም። እማማ ከድጃ ናቸው የጨመሩት።

ይዘን ስንሮጥ ሰማዩ አጉረመረመ። እትዬ ትርፌ ቆርቆሮውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ተረጋግተው ተቀመጡ። "መብረቅ እያለ ኮምፒውተር አይከፈትም።" የጂማ ዝናብ ደግሞ ሲጀምር መች ይጨርሳል? ሙርሺድ ይነሳል፣ በመስኮት ያያል፣ ይቀመጣል። ሙና በስልክ "ደረሳችሁ?" ትላለች። "ዝናቡን እየጠበቅን ነው" እንላታለን። ማንም ግን አልተከራከረም። ያን ቀን ጠብቁ ቢሉን ኖሮ የሦስት ቀን ዝናብም እንጠብቅ ነበር።

ሲያባራ ተከፈተ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀመጥነው። እማማ ከድጃ ብቅ አሉ፤ የሙናንና የሙሽራውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በኦሮምኛ መረቁ። "ራቢን ኢሲን ሃ ኤቢሱ... ሆራ፣ ቡላ..." ፈጣሪ ይባርካችሁ፣ ተዋለዱ፣ ኑሩ ማለታቸው ነው። ሙርሺድ እዚህ፣ ሙና አዳማ፣ በአንድ አፍ "አሚን" አሉ። እኔም አልኩ። እትዬ ትርፌ ጀርባቸውን ሰጥተውን መጋረጃውን ያስተካክሉ ነበር፤ መጋረጃው ግን ምንም አልሆነም።

አብሳሎም በማግስቱ መጣ። ጉንፋን ይዞት ስለነበር በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እትዬ ትርፌ አልወቀሱትም። ቡና አቀረቡለት፤ ዲስክ ሰክቶ ማሳደር የቤትን ትርፍ ቁልፍ በር ላይ ትቶ እንደመውጣት መሆኑን ነገሩት፤ የሙናንም ሠርግ ቀዱለት። እሱም ከደንበኞቹ ቤት ለቤት እየዞረ ፍላሻቸውን ለመነ። አንድም ሳይቀር መጀመሪያ አኒስ ጋ እያስፈተሸ ብዙውን ሥራ መልሶ ሰበሰበ።

ያ ነገር ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ እትዬ ትርፌ ጃንጥላ ይዘው ቤታችን መጡ። እንደ ወትሮው አልተቀመጡም። ጣሪያውን አዩ። የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ጠየቁኝ። ባለቤቴን ብርሃንነሽን የቤት ሠራተኛ እንዳለን፣ መስኮቱ ሌሊት እንደሚዘጋ፣ እኔ ዕቃ እረሳ እንደሆን ጠየቋት። ብርሃንነሽ ሰላይ እንዳየ ሰው ታየኛለች። በመጨረሻ ከጃንጥላው ሥር ቆርቆሮውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ የእማማ ከድጃ ሻሽ እንደታሰረበት ነው።

"አደራ" አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቡናም ሳይጠጡ ሄዱ።

ኮሌጁ የምስክር ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ጋዜጣው አንድ ጊዜ አመስግኖኛል። እንደዚያ ቀን ግን ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። ቆርቆሮውን ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደብ ላይ፣ ከክረምት ጃኬቴ ጀርባ አስቀመጥኩት። አሁን ብርሃንነሽ ያንን ቁም ሳጥን ስትከፍት፣ የገዛ ልብሷን ልታወጣ መሆኑን እያወቅኩ፣ ከሳሎን ሆኜ "ምን ፈልገሽ ነው?" እላታለሁ።