የአባ ቦሩ በርሜል

ለጥያቄ መልስ የማይሰጥ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ጭሮ ግን ከሁሉም ትበልጣለች፤ ጋሽ አጥናፉ አሏት። የሕንፃ ተቋራጭ ናቸው። በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው «አዎ» ያሉት በሠርጋቸው ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ቄሱ ሁለቴ ጠይቀዋቸው ነው ይባላል። ልጃቸውን ሩሐማን የጠየቀው ሰው አራት ዓመት ሽማግሌ ሲልክ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በእርጅና ሞቱ። ጋሽ አጥናፉ ግን አሁንም «ሲነጋ እናያለን» ላይ ናቸው። ሠራተኞቻቸው በኦሮምኛ «አባ ቦሩ» ይሏቸዋል፣ የነገ አባት።

ወንድምአገኝ የወደቀው በእኚህ ሰው እጅ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የዞን ባለሙያ ሲሆን፣ ስድስት ዓመት የለመነው ወደ አገሩ የሚመልሰው ዝውውር እንዲፈረምለት የቀረው አንድ ጥናት ማስረከብ ነበር። ጥናቱ ተቋራጮች በሥራቸው ላይ ያላቸውን እምነት ይለካል። ዘዴው ፈዚ ሎጂክ ይባላል። አዎ ወይም አይደለም በል ብሎ ሰውን አያስጨንቅም፤ ዜሮ ተስፋ የለም ማለት ነው፣ አንድ ሙሉ እምነት፣ መሃሉ ላይ ዜሮ ነጥብ ሦስትም ዜሮ ነጥብ ሰባትም አለ። ለጋሽ አጥናፉ የተፈጠረ ነገር ነው ብሎ ነበር ምስኪኑ። የበደሳና የሚኤሶ ተቋራጮች መጠይቁን በአንድ በአንድ ቀን ሞልተውለታል።

«በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ሥራ ይጨምራል ብለው ያምናሉ?»

«ይጨምራል ብል ሲሚንቶው ይሰማኛል። አይጨምርም ብል እግዜር ይቀየመኛል።»

«ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ሲነጋ እናያለን።»

ሲነጋም ሲመሽም ሄደ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በአምስተኛው ቀን ደክሞት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ አሸዋ የምታመላልሰው ማሚቱ አዘነችለት።

«አፋቸው ምን ያደርግልሃል ወንድሜ? እኛ ነገ ሥራ አለ ወይ ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም። ስንለቅ የውሃ በርሜላቸውን ነው የምናየው። የሚሞሉት በማግስቱ በሚሠራው ሥራ ልክ ነው። ሙሉ ከሆነ ሁላችንም እንመጣለን፤ ግማሽ ከሆነ ግንበኞቹ ብቻ፤ ባዶ ከሆነ ቤታችን እንውላለን።»

አመሻሽ ላይ ጠበቀ። ሲሚንቶ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ በከተማው ግንባታው ሁሉ ቆሟል። ሽማግሌው ግን ውሃ በአህያ አስመጥተው፣ እያቃሰቱ ጀሪካኑን ራሳቸው ይገለብጣሉ። በርሜሉ ሊሞላ አራት ጣት ሲቀረው አቆሙ። ወንድምአገኝ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። በስድስት ዓመት ከጻፈው ቁጥር ሁሉ ያመነበት እሱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሠራተኛው አንድ ሳይቀር መጣ። ሲሚንቶውም፣ ረፋድ ላይ ቢሆንም፣ መጣ።

ዝውውሩ ዓርብ ዕለት ተፈረመ። ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ሊሰናበታቸው ሄደ።

«ትሄዳለህ ማለት ነው?» አሉት።

አዎ ሊል ነበር። እኚህን አድካሚ ሽማግሌ እንደሚወዳቸው የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ሲነጋ እናያለን፣ ጋሼ።»

ጋሽ አጥናፉ ትኩር ብለው አዩት።

«በርሜልህስ?»

ቤቱ ሲገባ የግቢው ቧንቧ ውሃ መጥቶ ነበር። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሊያወጣ ጎንበስ አለና ተወው፤ ጀሪካኑን አንስቶ ወጣ። በርሜሉ እስኪሞላ ድረስ አሥር ጊዜ ተመላለሰ።